በአንድ በርና በአንድ መጋረጃ ፋርስ መሥራት ይቻላል?

ጥያቄው ከደሴ ነው። የላከችው የአንድ የወጣቶች ቴአትር ክበብ አስተባባሪ ናት፦

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ኮሜዲ ጽፈን አሳይተን ነበር። ሰይድ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ‹ኢንጂነር ነኝ› ብሎ ለሚወዳት ልጅ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል። ሾፌር መሆኑን ግን ሰርፕራይዝ እንዲሆን ለመጨረሻ ደብቀነው ነበር። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ጭጭ አለ። መጨረሻ ላይ ሁሉም መድረኩ ላይ ይሯሯጣል፤ ማንም አልሳቀም። ፋርስ በሚባለው የኮሜዲ ዓይነት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ዘዴዎች አሉ ሲባል ሰምተናል። ምን ምን ናቸው? አዳራሻችን ያለው አንድ በርና አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። በዚህ ይሠራል ወይ?»

ሰላም እህቴ። ለክበቡ ልጆች በሙሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የአዳራሹ ነገር አያሳስባችሁ፣ አብሽሩ። በአንድ በርና በአንድ መጋረጃ በደንብ ይሠራል። ተውኔታችሁን የጎዳው የበር ማነስ አይደለም። የጎዳው ሰርፕራይዙ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያሳቃችሁት በቀልድ ነው። ቀልድ ብቻውን ሰውን አሥር ደቂቃ ካሳቀ ብዙ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ተመልካች የሚጨነቅለት ሰው ይፈልጋል። ፋርስ የቆመው በዚህ ጭንቀት ላይ ነው። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው አለ። ነገሩ ከታወቀ የሚያጣው ብዙ ነው። እኛ ምስጢሩን እናውቃለን፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አያውቅም። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። እናንተ ምስጢሩን ከተመልካቹም ደበቃችሁት። ሰይድ ላብ ሲያጠምቀው አዳራሹ ለምን እንደሆነ አላወቀም። ሩጫውም ዝም ብሎ ሩጫ ሆነ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አዲስ የመጀመሪያ ትዕይንት ጻፉ። ቦታው የደሴ መናኸሪያ ይሁን። የልጅቷ አጎት ከወልድያ ገጠር መጥተው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። ጋሽ ይመር እንበላቸው፤ ልጅቷን ደግሞ ሐያት። ጋሽ ይመር የሰይድን ባጃጅ ኮንትራት ይይዙና ፒያሳ ላይ ይወርዳሉ። ትልቅ ብር ያወጣሉ። ሰይድ ዝርዝር የለውም። «ዘርዝሬ መልስዎን አመጣለሁ» ብሎ ይሄዳል። ትራፊክ ያባርረውና በዚያው ይቀራል። ጋሽ ይመር ደግሞ ከአባታቸው የወረሱትን ከዘራ ባጃጁ ውስጥ ረስተዋል። ለዚህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። እውነተኛ ባጃጅም አያስፈልግም፤ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት ወንበሮችና ከውጭ የሚሰማ ክላክስ ይበቃሉ። አሁን ተመልካቹ ሾፌሩን ያውቃል፣ ያልተመለሰውን ብር ያውቃል፣ ከዘራውን ያውቃል። ሽማግሌዎቹ «ልጃችን ኢንጂነር ነው» ብለው ሳይጨርሱ አዳራሹ ይስቃል።

ወደ ዘዴዎቹ ልግባ። እኩል አልሄድባቸውም፤ ለእናንተ በሚጠቅመው ላይ እቆያለሁ።

በሩ ጥንታዊ ነው። የሮማውያን ኮሜዲ ታሪኩ የሚካሄደው መንገድ ላይ ነበር። ከጀርባ እስከ ሦስት የሚደርሱ የቤት በሮች ይታያሉ። አንዱ ከአንዱ በር ሲወጣ የሚፈልገው ሰው በሌላው ይገባል። በሩን እስከ ጥጉ የተጠቀመበት ግን ፈረንሳዊው ዦርዥ ፌይዶ ነው (እ.ኤ.አ. 1862–1921)። በ1907 መድረክ ላይ በወጣው ዝነኛ ተውኔቱ ውስጥ አንድ የሆቴል ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ ሲጫን አልጋው ከነግድግዳው ይዞራል። በምትኩ ከወዲያኛው ክፍል ሌላ አልጋ ይመጣል፤ ቁርጥማት የያዛቸው ሽማግሌ ተኝተውበታል። ሰው ሊያዝ ሲል ቁልፉ ይጫናል። ሊይዝ የመጣው ሰው የሚያገኘው እኚህን ሽማግሌ ነው።

ያ ሁሉ ማሽን አያስፈልጋችሁም። የበር ሥራ መገናኘት የሌለባቸውን ሁለት ሰዎች ለጥቂት ማስተላለፍ ነው። እናንተ ደግሞ ስትቆጥሩት ሦስት መተላለፊያ አላችሁ። እውነተኛው በር የቤቱ መግቢያ ነው። መጋረጃው ጓዳው ነው። በተመልካቹ መሀል ያለው መተላለፊያ መንገዱ ነው። ሰይድ ከበሩ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ፣ ሽማግሌዎቹ በተመልካቹ መሀል ሲመጡ ይታዩ። እኛ ሁለቱንም እናያለን፤ እነሱ አይተያዩም። በር ያነሰው ቤት ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የገባ ሰው መውጫ የለውም።

ታዲያ ሰይድ ለምን ይገባል? ይህን ጥያቄ በደንብ መልሱት። ፋርስ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚገባ ሰው ካለ ተመልካቹ ወዲያው ይሸሻችኋል። እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። ጋሽ ይመር «ያባቴ ከዘራ ሳይገኝ ሽማግሌ አላናግርም» ብለዋል። ሐያት ለሰይድ ደውላ ይህን ትነግረዋለች። ሰይድ ባጃጁ ውስጥ ያገኘው ከዘራ የማን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። ከዘራውን ማንም ሳያየው መመለስ አለበት። በሽምግልና ቀን ደግሞ ልጁ ራሱ እዚያ ቤት መገኘቱ ነውር ነው። በፌይዶ ተውኔት ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ቀናተኛ ባል አለ። እናንተ ሽጉጥ አያስፈልጋችሁም። ደሴ ላይ ነውሩ ይበቃል።

አሁን በጣም ወደምወደው ዘዴ ልምጣ፤ ጫማ። በወሎ በብዙ ቤት ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ለፋርስ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ውስጥ አራት ሰው ተቀምጦ በር ላይ አምስት ጥንድ ጫማ ካለ፣ አንድ ሰው ተደብቋል ማለት ነው። ሰይድ ተጨንቆ ሲገባ እንኳ ጫማውን ያወልቃል፤ ያደገበት ነውና። ጓዳ ከተደበቀ በኋላ ያስታውሰዋል። ሐያት አይታ በእግሯ ወደ ጥግ ትገፋዋለች። ሥርዓት የተማረው ታናሽ ወንድሟ መጥቶ ከሌሎቹ ጋር በመስመር ይደረድረዋል። እንደገና ትገፋዋለች፤ እንደገና ይደረድረዋል። ልጁ ምንም ክፋት የለበትም። እየታዘዘ ነው ቤቱን ሊያፈርሰው የደረሰው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሶላት ወጣ ሲሉ የሰይድን ጫማ አድርገው ይሂዱ። ሰይድ ማምለጫ ባገኘባት በዚያች ደቂቃ ጫማ የለውም። ጫማዎቹን ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ለተመልካቹ ቅርብ አድርጓቸው። ሰው ይቁጠራቸው።

መደበቅን በተመለከተ ከሞሊየር የተሻለ መምህር የለም። ፈረንሳዊው ተውኔት ጸሐፊ ሞሊየር (እ.ኤ.አ. 1622–1673) ታርቱፍ የሚባለውን ተውኔት በ1664 አሳይቶ ታገደበት። በሕዝብ ፊት እንዲታይ የተፈቀደለት በ1669 ነው። ታርቱፍ ሃይማኖተኛ መስሎ ኦርጎን የሚባለውን የቤት ጌታ አታልሎታል። የኦርጎን ሚስት ኤልሚር እውነቱን ልታሳየው ባሏን ጠረጴዛ ሥር ትደብቃለች። ታርቱፍ መጥቶ ሊያባልጋት ይጀምራል። እሷ ለባሏ ምልክት ትስላለች። ባል አይወጣም። ደግማ ትስላለች። አሁንም አይወጣም። ትዕይንቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ተመልካቹ ኦርጎንን አያየውም። የሚያየው የጠረጴዛ ልብሱን ነው። ሳቁን የሚያመጣው ያ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ሰይድ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ፊቱን እያወጣ አያስቅ። መጋረጃው ይንቀሳቀስ፤ ይበቃል።

እናንተ ደግሞ ለመሳል ምትክ የተሻለ ነገር አላችሁ። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ ወደ መጋረጃው ይሄዳል። ሰይድ ያስነጥሰዋል።

እዚህ ላይ ድግግሞሽን ላንሳ። ፋርስ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ማምጣት ይወዳል። የመጀመሪያው ነገሩን ያስተዋውቃል። ሁለተኛው ያስለምደዋል። ሦስተኛው ያልታሰበ መንገድ ይይዛል። ለዚህ የኛ ቡና ራሱ ሰዓት ነው። በአቦል ሰይድ ያስነጥሳል፤ ሐያት «ድመቷ ናት» ትላለች። በቶና ያስነጥሳል፤ ሐያት ፈጥና ራሷ ያስነጠሳት ትመስላለች፤ ሁሉም «ይማርሽ» ይሏታል። በበረካ ተመልካቹ የሰይድን ማስነጠስ ይጠብቃል። ያስነጠሳቸው ግን ጋሽ ይመር ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ በትሕትና «ይማርዎት!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ልጁን ያስያዘው ጨዋ አስተዳደጉ ነው። እንዲህ ያለ ሳቅ ለሰይድ ያለንን ፍቅር ይጨምራል። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ እንዳትጨርሷቸው አደራ። በመካከላቸው ሌላ ጉዳይ ይሂድ፤ ተመልካቹ ትንሽ ይርሳ።

ወደ ውሸቱ እንምጣ። የሰይድ ውሸት አንድ ብቻ ሆኖ ነው የቀረው። ፋርስ ውስጥ ውሸት ከሐረጎ አፋፍ ወደ ኮምቦልቻ ፍሬን በጥሶ እንደሚወርድ ባጃጅ ነው። ፍጥነቱ በየእርምጃው መጨመር አለበት። እዚህም ላይ ሞሊየር ያግዛችኋል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ ያመጣው ተውኔት አለ። ሞሊየር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1666 ነው። ስጋናሬል የሚባል እንጨት ቆራጭ ሚስቱን ይመታል። ሚስቱ ልትበቀለው ሐኪም ለሚፈልጉ ሰዎች «ባሌ ታላቅ ሐኪም ነው፤ ካልተደበደበ ግን ሐኪምነቱን አያምንም» ትላቸዋለች። ይደበድቡታል። ሐኪም ነኝ ይላል። ከዚያ በኋላ መመለስ አይችልም። ልብን በቀኝ፣ ጉበትን በግራ ያደርጋቸዋል። ቦታቸው ተገላቢጦሽ ነው ሲባል «ያ ድሮ ነው፤ አሁን ቀይረነዋል» ብሎ ይመልሳል። የሚያክማት ልጅ ዱዳ የመሰለችው ያልፈለገችውን ሰው ላለማግባት ነው። ስትናገር ደግሞ ማቆሚያ የላትም። አባትየው መልሰህ ዱዳ አድርጋት ይለዋል። ስጋናሬል ያን አልችልም፤ ከፈለጉ እርስዎን ደንቆሮ ላደርግዎት እችላለሁ ይላል።

ከዚህ የምትወስዱት ነገር አለ። ውሸታሙ ውሸቱን ሲናገር ሳይሆን ውሸቱን ሥራልን ሲባል ነው የሚያስቀው። ሰይድን የሐያት እናት ጓዳ ውስጥ ታግኘው። ልጁን አይታው አታውቅም። እሱ በድንጋጤ «ቧንቧ ልጠግን ነው የመጣሁት» ይላል። እሷም «እሰይ፣ ስንት ቀን ጠበቅንህ!» ብላ መፍቻ ታስጨብጠዋለች። አሁን ለእናቲቱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለሽማግሌዎቹ ኢንጂነር ነው። ለጋሽ ይመር ብር ይዞ የጠፋ ሾፌር ነው። ሦስቱ በአንድ ክፍል ከተገናኙ አለቀለት። ቧንቧውም በድንገት ይሠራለት። ውድቀት ውሸታሙን ይገላግለዋል፤ ስኬት ግን የባሰ ያስረዋል። እናቲቱ ደስ ብሏት ጎረቤቶቿን ትጠራለች። ሁሉም የተበላሸ ዕቃ ይዞ ይመጣል።

አንዱን ሰው ከሌላው ማምታታትም የታወቀ ዘዴ ነው። ሮማዊው ተውኔት ጸሐፊ ፕላውቱስ አንድ ጥንድ መንትያ ተጠቅሟል። ሼክስፒር ያንኑ ታሪክ ሲወስድ መንትያ አገልጋዮች ጨመረበትና ጥንዶቹ ሁለት ሆኑ። ፌይዶ ደግሞ በዚያው የ1907 ተውኔቱ አንድ የኢንሹራንስ ኃላፊንና አንድ የሰከረ የሆቴል አሽከርን በአንድ ተዋናይ አስጫውቷል። እናንተ መንትያ አትፈልጉ። ደሴ ገበያ መሀል «ሰይድ!» ብትሉ ስንት ሰው ነው የሚዞረው? ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የጎረቤቱ ልጅ፣ እውነተኛው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሁሉም ሰይድ ይባሉ። ሐያት በስልክ «ሰይድ፣ አሁን እንዳትገባ!» ስትል ደጅ የደረሰው የተከበረ ሽማግሌ በራፉ ላይ ደርቆ ይቁም።

ደብዳቤ ድሮ ከፍተኛ ቦታ ነበረው። የተሳሳተ ሰው እጅ ይገባል፤ ወይም የእጅ ጽሑፉ ይታወቃል። ዛሬ ስልክ ተክቶታል። ላውድ ስፒከር ላይ የቀረ ስልክ አንድ ጊዜ ተጠቀሙ። ሁለተኛ አትድገሙት፤ ይሰለቻል።

ድብደባን ከጠየቃችሁኝ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የተነሣው ኮሜዲያ ዴላርቴ የሚባለው የቴአትር ዓይነት መልስ አለው። ተዋናዮቹ በአንድ ጫፍ የተያያዙ ሁለት ስስ ጣውላዎች ይይዙ ነበር። ሲመቱበት ጣውላዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ሕመሙ ትንሽ። አናጢ ጋ ሄዳችሁ በቀላሉ ታሠሩታላችሁ። ዳርና ጫፉ በደንብ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ፊትና ጭንቅላት አይመታም። መቼም ቢሆን። ተመልካች ተዋናዩ ተጎዳ ብሎ ከሠጋ ሳቁ በዚያው ይቆማል፤ ደግሞም ልጆቻችሁ ናቸው።

አጥብቄ የምለምናችሁ ነገርም አለ። በሰው አካል ጉዳትና አነጋገር አታስቁ። ያ በጣም የማደንቀው የ1907ቱ የፌይዶ ተውኔት ላንቃው የተሰነጠቀ ወጣት አነጋገር ላይ ብዙ ሳቅ ይሠራል። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ልቤ አይስቅም። የኛ ኮሜዲዎችም የገጠር ሰው አነጋገርን እያጣመሙ ማሳቅ ይወዳሉ። ጋሽ ይመር ከገጠር ስለመጡ ሞኝ መሆን የለባቸውም። እንዲያውም ከሁሉም የበለጠ የሚያስተውሉት እሳቸው ይሁኑ። ብልህ ሰው አጠገብ መደበቅ ከሞኝ አጠገብ ከመደበቅ እጅግ ይከብዳል። ሽምግልናን መምረጣችሁ ግን ግሩም ነው። መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» ለኮሜዲ የመረጠው ይህንኑ የጋብቻ ጉዳይ ነው። በጋብቻ ጊዜ ቤተሰብ ሁሉ ጨዋ ሆኖ መታየት ይፈልጋል። ጨዋ ሆኖ ለመታየት የሚታገል ሰው ደግሞ ለፋርስ የተፈጠረ ነው።

የመጨረሻውን ሩጫ አውጡት። በምትኩ ሁሉም ቁጭ ይበል። ሦስቱም ወገን አንድ ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ። ምስጢሩም በንግግር አይውጣ፤ ዕቃ ያውጣው። ከዘራው ከመጋረጃው ሥር ቀስ እያለ ተንሸራቶ ይምጣ። ጋሽ ይመር ያነሱታል። ይህን ከዘራ ሊያመጣ የሚችል በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን አያውቁምና «እንግዲህ መልሳችንን ስጡን» ይላሉ። ጋሽ ይመር መጋረጃውን እያዩ «እኔም መልሴን እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ። ከመጋረጃው ሥር የተዘረዘረ ብር የያዘ እጅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ይሰጡታል ወይስ አይሰጡትም የሚለውን እናንተ ወስኑ።

ስለ ትወናው ትንሽ ልጨምር። ተዋናዮቻችሁ የሚያስቅ ነገር እየሠሩ መሆናቸውን እንዲያውቁ አትፍቀዱ። ሰይድን የሚጫወተው ልጅ እጮኛውን ሊያጣ ነው። ሐያት ውርደት ፊቷ ተደቅኗል። እነሱ ከልባቸው ካልፈሩ እኛ አንስቅም። ፈገግ ብሎ ተመልካቹን የሚያይ ተዋናይ ትዕይንቱን ይገድለዋል።

ልምምዱ ከሌላ ተውኔት ይለያል። ቃለ ተውኔቱ ከመጠናቱ በፊት አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። ወደ ጎን ትዕይንቶቹ፣ ወደ ታች ሰዎቹ ይጻፉ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሰውየው የት እንዳለ፣ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደሚያውቅ ጻፉ። ከዘራውና የሰይድ ጫማም እንደ ሰው የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ባዶ ሳጥን ካለ እዚያ ላይ ታሪካችሁ ቀዳዳ አለው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእውነተኛው ጫማና ከዘራ ተለማመዱ፤ በመጨረሻው ሳምንት የመጣ ዕቃ ሁልጊዜ ይሰናከላል። ከመድረክ ጀርባ አንድ ሰው ዕቃውን ብቻ ይጠብቅ፣ ሌላ ሥራ አይሰጠው።

ከመክፈቻው በፊት ጥቂት ጎረቤቶችን ጠርታችሁ አንድ ሙሉ ልምምድ አሳዩ። ሰው የት እንደሚስቅ ያለ ተመልካች መገመት ያስቸግራል። ሳቅ ሲመጣ ንግግሩን ያዝ አድርጉ፤ እንቅስቃሴው ግን ይቀጥል፣ ሐያትም ጫማውን መግፋቷን አታቁም። ሳቁ ወርዶ ሊያልቅ ሲል ቀጣዩን ቃል ተናገሩ። ፈጽሞ እስኪበርድ ከጠበቃችሁ አዳራሹን እንደገና ማሞቅ ይኖርባችኋል።